የገባ ብር ሁሉ ገቢ አይደለም

ሰኔ ሲጋመስ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ይመሳሰላል። «ሱቅ የለኝም፣ የምሸጠው በቴሌግራም ነው፤ ግብር እኔንም ይመለከተኛል እንዴ?» ጠያቂዎቹ ማራኪ ሰፈር ቁጭ ብለው ጫማ የሚሸጡ፣ አዘዞ ሆነው የሕፃናት ልብስ የሚያስመጡ፣ ከደባርቅና ከዳባት ማርና ነጭ ሽንኩርት እየሰበሰቡ አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ የሚልኩ ናቸው። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው በስልካቸው እንጀራ የሚበሉ።

መልሴ አጭር ነው፤ አዎ፣ ይመለከታችኋል። ይሄን ስል ግማሹ አንባቢ ቻናሉን ለቆ እንደሚወጣ አውቃለሁ። የቀራችሁት ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ዛሬ የምከራከረው ለእናንተም ነው፣ ከእናንተም ጋር ነው።

ክርክሬን ከፊት ላስቀምጥ። ግብር መክፈል ግዴታ ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልጨቃጨቅም። የምጨቃጨቀው ግብሩ በምን ላይ ይሰላል በሚለው ላይ ነው። በአንድ ሰው ሒሳብ የገባን ብር ሁሉ የዚያ ሰው ገቢ ነው ብሎ መቁጠር ልክ አይደለም። ለኦንላይን ነጋዴ ደግሞ ይሄ አቆጣጠር ሥራ የሚያዘጋ ነው። ይህን የሚያስተካክለው መዝገብ ነው። እኛ መዝገብ አንይዝም፤ አሠራሩ ደግሞ መዝገብ የያዘውን ካልያዘው አይለይም። ሁለቱንም እናገራለሁ።

▪️ የአራዳው ባለሱቅ እውነት አለው

በመጀመሪያ ለሱ ፍርድ እንስጠው። አራዳ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ የመብራት ይከፍላል፣ የዘበኛ ያዋጣል፣ ንግድ ፈቃድ ያድሳል፣ ሐምሌ ሲመጣ ግብሩን ይገብራል። ከሱቁ ፊት ለፊት የቆመች ልጅ ደግሞ እሱ የሚሸጠውን ጫማ ፎቶ አንስታ ቻናሏ ላይ ትለጥፋለች፤ ኪራይ ስለሌለባት ሁለት መቶ ብር ቀንሳ ትሸጣለች። ጋሼ ቢናደድ ይፈረድበታል? አይፈረድበትም።

ሕጉም ከሱ ጋር ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሚያወራው ከንግድ ሥራ ስለሚገኝ ገቢ ነው፤ ሱቁ ግድግዳ ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ በስልክ የተደረገ ስምምነት «በስልክ ስለሆነ አይቆጠርም» የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ተለወጠ። ድሮ በእጅ የተቀበልነው ብር ስም አልነበረውም። አሁን እያንዳንዷ ሽያጭ ቀን፣ ሰዓት፣ የላኪ ስምና የግብይት ቁጥር አላት። ግብር ሰብሳቢው ከባንክም ሆነ ከሌላ አካል መረጃ የመጠየቅ ሥልጣን በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ተሰጥቶታል። «ማን ያየኛል» ማለት ሳር ውስጥ ራሷን የደበቀችውን ሰጎን መሆን ነው።

ስለዚህ በየግሩፑ የሚዞረውን ምክር ተዉት። «በእናትሽ ስም ሒሳብ ክፈቺ»፣ «በወንድምህ ቁጥር ተቀበል»፣ «ደንበኛ ሲልክ ለልደት ብሎ ይጻፍ»። ይሄ ብልጠት አይደለም። በእናትሽ ስም የገባው ብር በሕግ ፊት የእናትሽ ነው። ነገ ጥያቄ ቢመጣ ቀርበው የሚያስረዱት እትዬ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስለ ጫማው ቁጥር የሚያውቁት ነገር የለም። ደንበኛ «ብሬን አልመለሰችም» ብሎ ቢከስ፣ መመለስሽን የሚያሳየው ማስረጃም በስምሽ የለም። ከግብር ለመሸሽ ብለሽ የራስሽን ምስክር ነው የቀበርሽው።

▪️ ታዲያ እኔ የምቃወመው ምኑን ነው?

በቁጥር ላሳያችሁ። ምሳሌ ነው፤ ሥራውን የምታውቁ ግን ከእውነቱ ሩቅ እንዳልሆነ ትፈርዳላችሁ።

አንዲት ልጅ በወር 40 ጥንድ ጫማ ትሸጣለች እንበል። ደንበኛው ለአንዱ 2,000 ብር ይልክላታል። ከዚያ ላይ 1,700 ብሩን መርካቶ ላለው ጅምላ ሻጭ ታስተላልፋለች። 100 ብር ለመኪናና ለአድራሽ ይሄዳል። የሚቀራት 200 ብር ነው። በወር 8,000፣ በዓመት 96,000 ብር ማለት ነው። የካርድና የፌስታል ወጪዋን ትቼላታለሁ።

በቴሌብሯ በዓመት የገባው ግን ስንት ነው? 960,000 ብር። ወደ ሚሊዮን የተጠጋ!

አሁን ሁለት ሰዎች ይህን ሒሳብ ያዩታል። አንዱ 96,000 ያያል፤ ሌላው 960,000። አንዲት ዜሮ ናት ልዩነቷ፤ ግን ልጅቱ በሚቀጥለው ዓመት ነጋዴ ሆና መቀጠል አለመቀጠሏ እዚያች ዜሮ ላይ ተንጠልጥሏል።

እስካሁን የነበረው ሕግ ግብር ከፋዩን በሦስት ደረጃ ይከፍለው ነበር፤ በዓመት 1 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የሚያስገባው «ሀ»፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን «ለ»፣ ከዚያ በታች «ሐ»። የመጨረሻው በግምት ይከፍላል። ሐምሌ 10 ቀን 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ «ሐ» የሚባለውን ደረጃ አጠፋው። አሁን በዓመት ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሚሸጥ ሁሉ «ለ» ነው፤ ግብሩም የሚሰላው ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጩ በመቶኛ ነው። ከዚያ በላይ ያለውም ቢሆን የሽያጩን 2.5 ከመቶ የሚያህል ዝቅተኛ ግብር አለበት፤ መዝገቡ ኪሳራ ቢያሳይ እንኳ።

ይሄን አሠራር የሚደግፉ ሰዎች ምክንያት የላቸውም አልልም። ቀላል ነው። ትንሽ ነጋዴ የሒሳብ ባለሙያ መቅጠር አይችልም፤ «ሽያጭህን ንገረኝ፣ በዚህ መቶኛ ክፈል» ሲባል ይገባዋል። ገማች ኮሚቴ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ዓይኑ የመሰለውን ከሚጽፍ ይሻላል። ይሄን እቀበላለሁ።

ግን መቶኛው ትንሽ ሲመስል የምን መቶኛ እንደሆነ እንጠይቅ። ከጠቅላላ ሽያጩ 3 ከመቶ ብቻ ብንወስድ፣ በልጅቱ 960,000 ላይ 28,800 ብር ይመጣል። ይሄ ከትርፏ 30 ከመቶ ነው። አሁን አንድ ደመወዝተኛ እናምጣ፤ እሱም በወር 8,000 ብር የሚያገኝ። በአዲሱ ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ እስከ 4,000 ያለው 15 ከመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 ከመቶ፣ ከዚያ እስከ 10,000 ያለው 25 ከመቶ ይቆረጥበታል። ደምሩት፤ በወር 1,150 ብር፣ በዓመት 13,800 ብር። ሁለቱም ቤታቸው የሚያስገቡት እኩል 8,000 ነው። ደመወዝተኛው 13,800 ሲከፍል እሷ 28,800 ትከፍላለች፤ እጥፍ ከመሆንም አልፏል። ለዚያውም ደመወዝተኛው ሠራሁም አልሠራሁም ወር ሲደርስ ይከፈለዋል። እሷ ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ከኪሷ ትተካለች።

ባልትና የምትሸጠዋን ደግሞ አስቡ። በርበሬውን ከገበያ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አስፈጭታ፣ በራሷ እጅ አሰናድታ የምትሸጥ ሴት ከሽያጯ የሚቀራት ድርሻ ከጫማ ሻጯ ይበልጣል። ለሷ 3 ከመቶ የሚከብድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ መቶኛ ለሁለት የተለያየ ሥራ እኩልነት አይደለም።

▪️ ሻጭ ነሽ ወይስ አገናኝ?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከኦንላይን ነጋዴዎቻችን ብዙዎቹ በትክክል ሲታዩ ሻጮች አይደሉም። ዕቃ አይገዙም፣ መጋዘን የላቸውም። የጅምላ ሻጩን ፎቶ ይለጥፋሉ፤ ትእዛዝ ሲመጣ ከደንበኛው ብሩን ተቀብለው ለጅምላ ሻጩ ያስተላልፋሉ፤ መሐል ላይ የድካማቸውን ያስቀራሉ። ይሄ በአባቶቻችን ቋንቋ ድለላ ነው፣ በሕግ ቋንቋ የኮሚሽን ሥራ። የንግድ ሕጋችን ከ1952ቱ ጀምሮ ይህን ሥራ ከመሸጥ ለይቶ ያውቀዋል። የቤት ደላላ የ5 ሚሊዮን ብር ቤት ሲያሻሽጥ «የዘንድሮ ሽያጭህ 5 ሚሊዮን ነው» የሚለው የለም። የሚጠየቀው በኮሚሽኑ ነው።

የጫማዋ ልጅ በዚህ ዓይን ብትታይ ለአገልግሎቷ የተቀበለችው ከአንዱ ጫማ 300 ብር ነው፤ መቶው ለመኪና የወጣባት። በዓመት 144,000 ብር። ያንኑ 3 ከመቶ አስሉት፤ 4,320 ብር። ሥራዋም ደንበኛዋም ያው ነው። በአንዱ አቆጣጠር 28,800፣ በሌላው 4,320።

«መንግሥት ይከስራል» የሚል ካለ አይከስርም። 1,700ው ብር አልጠፋም፤ ጅምላ ሻጩ ጋ ሄዷል፤ የሱ ሽያጭ ሆኖ እሱ ይገብርበታል። አሁን ባለው አቆጣጠር ግን ያው 1,700 ብር እሱም ዘንድ ይቆጠራል፣ እሷም ዘንድ ይቆጠራል። አንድ በሬ ሁለቴ ሲታረድ ማለት ነው።

ግን እዚህም ላይ መሸዋወድ የለም። «አገናኝ ነኝ» ማለት በምላስ አይሆንም። ዕቃውን አስቀድመሽ በራስሽ ብር ከገዛሽ፣ ዋጋውን አንቺ ከተመንሽ፣ ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራው ያንቺ ከሆነ፣ ሻጭ ነሽ፤ እንደ ሻጭ ትገብሪያለሽ። ትእዛዝ ሳይመጣ ብር ካላወጣሽ፣ ከጅምላ ሻጩ ጋር ከአንዱ ዕቃ ይሄን ያህል ይሰጥሻል የሚል ስምምነት ካለሽ፣ ደረሰኙም በደንበኛው ስም ከወጣ፣ አገናኝ ነሽ። ልዩነቱን የሚያሳየው ወረቀት ነው።

▪️ ወረቀቱንስ ማን ይስጣት?

አሁን ወደ መርካቶ እንሂድ። ጅምላ ሻጩን ደረሰኝ ጠይቁት። ምን እንደሚላችሁ ሁላችንም እናውቃለን። «በደረሰኝ ይሄን ያህል፣ ያለ ደረሰኝ ይሄን ያህል።» ወይም ደግሞ 1,700 ተቀብሎ የ600 ብር ደረሰኝ ይቆርጣል። ልጅቱ ጎንደር ሆና በስልክ ያዘዘችውን ዕቃ «ያለ ደረሰኝ አልወስድም» ብትል ሌላ ሰው ይወስደዋል። ሐምሌ ላይ ግን «ወጪሽን በደረሰኝ አሳዪ» የምትባለው እሷ ናት።

ጉልበት ሁልጊዜ የሚወርደው በሰንሰለቱ ጫፍ ባለው ትንሽ ሰው ላይ ነው፤ ምክንያቱም በቴሌብር የሚከፈለው እሱ ስለሆነ በግልጽ ይታያል። ላይ ያለው አይታይም። የሚታይን ብቻ መቅጣት ሰው እንዲደበቅ ማስተማር ነው። ዩጋንዳ በሰኔ ወር መጨረሻ 2010 ማኅበራዊ ሚዲያ በሚጠቀም ሰው ላይ በቀን 200 ሽልንግ ጣለች። ሕዝቡ በማግሥቱ ቪፒኤን ጫነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግብሩ ራሱ ቀረና በኢንተርኔት ጥቅል ላይ በተጣለ 12 ከመቶ ተተካ። እኛም አገር የቴሌብር ሽያጭ ብቻ እየተቆጠረ ከሄደ የሚሆነው ያው ነው፤ ነጋዴው ወደ ጥሬ ብር ይመለሳል። ለዓመታት «ወደ ዲጂታል ግቡ» እየተባለ የተለፋበት ሁሉ ውኃ ይበላዋል።

▪️ ስለ 2016ስ ማን ይናገር?

ይሄን ሳላነሳ ባልፍ ጎንደሬ አይደለሁም።

የ2016 በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን 2015 ጀመረ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ታወጀ። በዚያው ሰሞን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ ለወራት ጠፍቶ ቆየ። የበጀት ዓመቱ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። ይህ ማለት የዚያ ዓመት ግብር የሚሰላበት ጊዜና ኢንተርኔት የጠፋበት ጊዜ ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

የኦንላይን ሱቅ ያለ ኢንተርኔት ምንድን ነው? በሩ በግንብ የተደፈነ ሱቅ ነው። ስልክ ሲሠራ በ*127# ብር መላክ ይቻል ይሆናል፤ የጫማ ፎቶ ግን በ*127# አይታይም። በዚያ ላይ መንገዱ ይዘጋል፣ መኪና አይወጣም፤ ወጥቶም አይደርስም። ስንቱ ነው ቻናሉን ሲያጣ ደንበኛውን ያጣው? ኢንተርኔቱ ሲመለስ አዲስ አበባ ያለው ደንበኛ ሌላ ሻጭ ለምዶ ነበር።

ሕጉ ለኪሳራ መፍትሔ የለውም ማለቴ አይደለም። አዋጅ 979/2008 የአንድን ዓመት ኪሳራ እስከ አምስት ዓመት ወደ ፊት ማሸጋገር ይፈቅዳል። ግን ይሄ የሚሠራው የተሟላ የሒሳብ መዝገብ ይዞ ላስመረመረ ነው። በግምት ለሚከፍለው፣ ወይም ከጠቅላላ ሽያጭ ለሚከፍለው፣ ኪሳራ የሚባል ዓምድ ራሱ ቅጹ ላይ የለም። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ያልጠየቁት፣ የግብር ወቅት ሲመጣ ግን በር የሚያንኳኩባቸው እነዚሁ ትንንሾቹ ናቸው። ባንክ አበዳሪ «ብድሩን አራዝሜልሃለሁ» ይላል። ግብርም እንዲህ ያለ ቋንቋ ሊያውቅ ይገባዋል። ኢንተርኔት በመንግሥት ውሳኔ በተቋረጠባቸው ወራት ኦንላይን የሚሸጥ ሰው ሽያጩ አለመኖሩን ለማስረዳት መንከራተት የለበትም፤ መቋረጡን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው መንግሥት ራሱ ነው።

▪️ የኛ ሰው የሚጠላው ግምቱን ነው

«ሐበሻ ግብር አይወድም» የሚሉ አሉ። ታሪኩን አላነበቡትም። በ1960 የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ፣ ቁጣው ያተኮረው መሬቱን ሊለኩና ምርቱን ሊገምቱ በሚመጡት ሰዎች ላይ ነበር። ገበሬው «ዛሬ ለግብር የለካው ነገ ርስቴን ይወስደዋል» ብሎ ሰጋ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን ወደ ኋላ አለ፣ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴንም ከቦታቸው አነሳ።

በ2009 ክረምትም ያው ሆነ። «የቀን ገቢ ግምት» የሚባለው ይፋ ሲደረግ በአምቦና በሌሎች ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ሰዉ የጮኸው «ለምን እገብራለሁ» ብሎ አልነበረም፤ «ይሄን ያህል በቀን እንደምሸጥ ማን ነገራችሁ?» ብሎ ነው። ሃምሳ ዓመት ልዩነት ያላቸው ሁለት ጩኸቶች ናቸው፤ ቃላቸው ግን አንድ ነው።

ለጎንደር ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ላስታውስ። «ግብር» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። ባላገሩ ለንጉሥ የሚያስገባው ግብር ነው፤ ንጉሡም በአዳራሹ ለሕዝቡ የሚያበላው ግብር ነው። አስገባሁ ያለ በልቶ ይወጣ ነበር። ዛሬ ብድር እየተበደረ ያለ መንግሥት፣ ሐምሌ 2016 ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር 3.4 ቢሊዮን ዶላር የተዋዋለና የአገር ውስጥ ገቢውን ለማሳደግ ቃል የገባ መንግሥት፣ ግብር ቢፈልግ አይገርመኝም። ግን የሚያስገባውን ሰው ደግሞ የሚያበላው ነገር ይኑር። ለኦንላይን ነጋዴ ያ ነገር ከምንም በፊት የማይቋረጥ ኢንተርኔትና የማይዘጋ መንገድ ነው።

▪️ እኛ ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የሚከተለውን ለማድረግ የሒሳብ ባለሙያ አያስፈልግም።

አንደኛ፣ የሥራና የቤት ብር አይደባለቅ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሰው ሒሳብ ምን የማይገባ አለ? የእቁብ ብር ይገባል፤ እስራኤል ያለችው አክስት ለእናት የምትልከው ይገባል፤ የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ይገባል። ሁሉም ከሽያጭ ጋር አንድ ላይ ከተደመረ፣ የአክስትሽን ርዳታ ጫማ ሸጠሽ ያገኘሽው አድርጎ የሚቆጥረውን ሰው መውቀስ አትችዪም። ለሥራ አንድ ሒሳብ፣ በራስሽ ስም፣ ለብቻው። ዛሬውኑ።

ሁለተኛ፣ የአንድ ብር ከሃምሳ ደብተር ዘመን ቢያልፍም ደብተር ግን አላለፈም። ስድስት ዓምድ ይበቃል፤ ቀን፣ የደንበኛ ስም፣ የተቀበልሽው፣ ለዕቃው የከፈልሽው፣ ለመኪና የከፈልሽው፣ የቀረሽ። ደንበኛ ዕቃ ሲመልስ ብሩን መመለስሽንም ጻፊ፤ የተመለሰ ብር ሽያጭ አይደለም። ወር ሲያልቅ ከቴሌብርና ከባንክ መግለጫ አውጥተሽ ከደብተሩ ጋር አስተያዪ። ሐምሌ ላይ የዓመቱን ለማስታወስ መሞከር ራስን ማታለል ነው።

ሦስተኛ፣ ከጅምላ ሻጩ ጋር ያወራሽውን አታጥፊ። ዋጋ የነገረሽ፣ ብር የላክሽለት፣ ኮሚሽን የተስማማችሁበት መልእክት ማስረጃ ነው። ስልክ ይሰረቃል፤ ሌላ ቦታም አስቀምጪው። ደረሰኝ ደግሞ እስኪሰጥሽ ጠይቂ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ይስቅበታል፤ ሃምሳ ደንበኛ ሲጠይቀው ይቆርጣል።

አራተኛ፣ ቢዘገይም አሳውቂ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ማሳወቂያው ሐምሌ 1 ይከፈታል። የደረጃሽ የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቀሽ ጻፊ። በፌደራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ሳያሳውቁ መቆየት ካልተከፈለው ግብር ላይ 5 ከመቶ እየጨመረ እስከ 25 ከመቶ ያስቀጣል። ውሳኔው ካልተዋጠልሽ ደግሞ ዝም አትበዪ፤ የቅሬታ ማቅረቢያው 21 ቀን ነው። ሃያ አንዱ ቀን ካለፈ በኋላ ቻናል ላይ የምትለጥፊው ብሶት ላይክ ያስገኝልሻል እንጂ አንዲት ብር አያስቀንስልሽም።

▪️ ባሕር ዳር ምን ያድርግ?

ባሕር ዳር ያልኩት በምክንያት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 በክልሉ ውስጥ የሚሠራን ግለሰብ ነጋዴ ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ክልሎች አዋጃቸውን የፌደራሉን መልክ እየተከተሉ ያወጣሉ፤ ግን መከተል ማለት ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር መገልበጥ አይደለም። ስለዚህ «የፌደራል ሕግ ስለሆነ ምን እናድርግ» የሚለው መልስ ለኛ አይበቃም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ የኦንላይን አገናኝ በሚቀረው ኮሚሽን እንጂ በእጁ ባለፈው ብር እንዳይገመት የሚል ግልጽ መመሪያ ይውጣ። በዚያው መመሪያ አገናኝነቱን የሚያስረዱ ማስረጃዎች በስም ይዘርዘሩ፤ ባለሙያውም ነጋዴውም እንዳይጣሉ። አንድ ገጽ የሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈ የዕለት መዝገብ ቅጽ ይታተም፤ ያን ቅጽ ሞልቶ ለመጣ ሰው መዝገቡ ካልተነካካ በስተቀር ግምት አይጻፍበት። ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ወራት ከስሌቱ ይውጡ። የክልሉ ሕግ ከፌደራሉ አዋጅ ወርሶት ከሆነ ደግሞ፣ ይግባኝ ለማለት የተከራከሩበትን ግብር 50 ከመቶ አስቀድሞ መክፈል የሚለው ለትንሽ ነጋዴ ይቅር። ከትርፏ በላይ የተገመተባት ልጅ ግማሹን ከየት አምጥታ ነው ፍትሕ የምትጠይቀው?

ይህን የማያደርግ አሠራር ምን ያተርፋል? መዝገብ የያዘችውና ያልያዘችው አንድ ዓይነት ግምት ከተጻፈባቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት የያዘችውም ትተወዋለች። መዝገብ ከሌለ ደግሞ ግብሩ ድርድር ይሆናል፤ ድርድር ባለበት ደግሞ «ሻይ» አይጠፋም። ያን ጊዜ ብሩ መንግሥት ጋ አይደርስም፣ ነጋዴዋም አታተርፍም፤ አራዳ ላይ ኪራይና ግብር እየከፈለ ቁጭ ያለው ጋሼም ዓመቱን ሙሉ የጠየቀው ጥያቄ መልስ አያገኝም።

ሐምሌ ሊገባ ነው። የዓመቱን የቴሌብር መግለጫ አሁኑኑ አውጡት። ከገባው ውስጥ ስንቱ የእናንተ እንደነበር ከቁጥር ጋር ጻፉ፤ ጽፋችሁም ይዛችሁ ሂዱ። «የገባው ይሄ ነው፣ የኔ ገቢ ደግሞ ይሄ ነው» ብሎ በወረቀት የሚያስረዳ አንድ ሰው ሊባረር ይችላል። አንድ ሺህ ሰው እንዲህ ብሎ ከሄደ ግን መመሪያው ይጻፋል።

መሳሳቴ የታያችሁ፣ በተለይ ገቢዎች ውስጥ የምትሠሩና የሒሳብ ባለሙያ የሆናችሁ፣ ከሥር ጻፉልኝ። ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፤ በቁጥር እንነጋገራለን።